ደካማ ቦታ የሌለው ግንብ

መዶሻው እንደገና አረፈ። ግንቡ ንቅንቅ አላለም።

«ደካማ ቦታው የት ነው?» አለች ባለቤቱ ከኋላው። ከገበያ ይዛው የመጣችው ዘንቢል ገና ክንዷ ላይ ነበር።

«የለውም።»

«እንዴት የለውም? አንተ አይደለህ እንዴ የሠራኸው?»

«እኔ ስለሠራሁት ነው የሌለው።»

ከግንቡ ማዶ ጎረቤታቸው ወድቀዋል። ቃል የለም፤ ማቃሰት ብቻ ይሰማል። የግቢያቸው የመንገድ በር የብረት ነው፤ ከውስጥ ተቀርቅሯል። ሰፈርተኛው እዚያ ተሰብስቦ በእጁም በእግሩም በሩን ይደበድባል። ግንበኛው በርሜል ላይ ቆሞ በግንቡ ለመንጠላጠል ሞክሮ ነበር። የግንቡ አናት ላይ ስብርባሪ ጠርሙስ በሲሚንቶ ተተክሏልና መዳፉን ቆርጦት ወረደ። መሰላሉ ሥራ ቦታ ቀርቷል። የእግር ጣት የሚይዝ ስንጥቅ ፈለገ፤ አጣ። «በእኔ ድንጋይና ድንጋይ መካከል ምላጭ አይገባም» እያለ ሲፎክር የኖረው ራሱ ነው።

ግንቡን መደብደቡን ትቶ መሮ አነሳ። ከአንዱ ድንጋይ ዙሪያ ሲሚንቶውን መፈልፈል ጀመረ።

ሰፈሩ ቱምቢ ይለዋል። ቱምቢ ግንበኞች ግንቡ መዝመም አለመዝመሙን የሚያዩበት፣ በሲባጎ የሚንጠለጠል የብረት ፍሬ ነው። ስሙ የወጣለት በሥራው ብቻ አይደለም። ሰውንም አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚለካው ይሉታል። የአማቱ የሬሳ ሣጥን ዘሟል ብሎ ቀብር አስቁሟል እየተባለም ይወራበታል። እሱ አያስተባብልም። «ዘሞ ነበር» ነው የሚለው።

በሳምንት አንድ ቀን የሰፈሩን የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ይመራል። ሰው የሚመጣው ለስብከቱ አይደለም፤ ስብከት አይችልም። ሌላው የሚያልፈውን ነገር እሱ ቆሞ ስለሚዳስሰው ነው። በዚያ ሰሞን የያዘው ርእስ አጥርና ቅጥር ነበር። የጥንቱ ገበሬ የወይን ቦታ ሲያዘጋጅ መጀመሪያ ድንጋዩን ይለቅማል፤ የለቀመውን አይጥለውም፤ ያለ ጭቃ ዙሪያውን ይደረድረዋል፤ በላዩ እሾህ ይጎነጉንበታል። ያለ ጭቃ በተደረደረ ድንጋይ መካከል ደግሞ እባብ ይገባል። ጠቢቡ የሰው አጥር የሚያፈርስ ይነደፋል ያለው ለምሳሌ ያህል ብቻ አይደለም፤ እጁን ሰድዶ ያየ ገበሬ ያውቀዋል።

«አጥር በረከት ነው» ይል ነበር ቱምቢ። «ያን ጻድቅ ሰው ሰይጣን ሲከሰው እኮ የመጀመሪያ ቃሉ፣ ዙሪያውን አጥረህለት አይደለም ወይ ነው። እግዚአብሔር በወይን ቦታው ሲያዝን ደግሞ እሳት አላዘዘም። አጥሩን አነሳለሁ ነው ያለው። ከብቱ የቀረውን ይሠራዋል።»

ስለ ጣሪያውም አስረድቶ ነበር። የዚያ ዘመን ጣሪያ ጠፍጣፋ ስለሆነ ሰው ይቀመጥበታል፣ ይተኛበታል። ሕጉ ቤት የሠራ ሰው በጣሪያው ዙሪያ መከታ እንዲያቆም ያዛል። ካላቆመና ሰው ከወደቀ፣ ደሙ በቤቱ ላይ ነው።

«እንግዲያው ሁለት ዓይነት ነው» አለ ልብስ ሰፊው፤ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሁልጊዜ የሚነቁር ሰው ነው። «አንዱ ሰው እንዳይገባብህ፣ አንዱ ሰው እንዳይወድቅብህ።»

«አጥር ሁሉ የጠላቱን ስም ይናገራል» አለ ቱምቢ መልሱን ሳይመልስ። «የጥንቶቹ ቀበሮ፣ የዱር እርያ፣ ሌባ።»

«ያንተስ?»

«ዶሮ።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እውነቱን ነበር።

በእሱና በጎረቤቱ ግቢ መካከል ድሮ የነበረው የእሾህ ቁጥቋጦ ነው። ቧንቧው አጠገብ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚያልፍበት ቀዳዳ ነበረው። በዚያ ቀዳዳ ወንፊት ይሄዳል፣ መቀስ ይመጣል፣ ወሬ ይመላለሳል። ጎረቤቲቱ እትዬ ስልክ ይባላሉ። ሰው በስልክ ለመነጋገር ማዕከል ደውሎ «አገናኙኝ» በሚልበት ዘመን አገናኝ ነበሩ። ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ልጃቸው ሩቅ አገር ናት። የቱምቢ ሚስት እናቷን በልጅነቷ ስላጣች እሳቸውን እንደ እናት ይዛ ነው የኖረችው።

ዶሮዎቻቸውም በዚያው ቀዳዳ ያልፋሉ። አንድ ጠዋት ቱምቢ የተከለውን የሰላጣ ችግኝ አንድ ሳያስቀሩ ጫሩት።

«ዶሮ ነው ልጄ» አሉት እትዬ ስልክ። «ግንበኛ ስለሆንክ አጥር ያለህ መስሎኝ ነበር።»

ይህቺ ቃል ከችግኙ ይልቅ አንገበገበችው። በበጋው ቁጥቋጦውን ነቅሎ ግንቡን አቆመ። ባለቤቱ ትንሽ በር ተውልኝ ብላ ለምናው ነበር። «በር ያለው አጥር አጥር አይደለም» አላት። ጠርሙሱን የተከለው መጨረሻ ላይ ነው፤ ለሌባ ነው አለ። ከዚያ ወዲህ እሷ እትዬ ስልክ ጋ ለመሄድ በመንገድ ዞራ፣ በር አንኳኩታ፣ እስኪከፍቱላት ትቆማለች። የእሳቸው ጉልበት እየደከመ ሲመጣ መቆሙም እየረዘመ ሄደ።

የወደቁ ዕለት ቱምቢ ብቻውን ነበር። ጓሮው በረንዳ ላይ ተቀምጦ የሚያስተምረውን ጮክ ብሎ ያነባል፤ ልማዱ ነው። ፀሐይ አናት ላይ ነበረች። በነቢዩ መጽሐፍ እግዚአብሔር ቅጥሩ በፈረሰበት የሚቆም ሰው ፈልጎ ያጣበት ቦታ ደርሶ ነበር።

«ቱምቢ» የሚል ድምፅ ከማዶ መጣ። «ኧረ ቱምቢ።»

ጠዋት ተነጋግረው ነበር፤ በውሃ መውረጃው ምክንያት፤ ደግ ንግግር አልነበረም። ሊቀጥሉ ነው ብሎ አሰበ። ማንበቡን አቆመ። ጉሮሮውን ለመጥረግ ሳለ። ድምፁ እንደገና ጠራው፤ አሁን ቀጠን ብሎ። ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ወንበሩን ጎትቶ ወደ ውስጥ ገባ፤ መስኮቱን ዘጋ፤ ካቆመበት ቀጠለ።

ባለቤቱ ከገበያ ስትመለስ ጥላው ወደ ምሥራቅ ረዝሞ ነበር። ጓሮ ወጥታ ቧንቧውን ስትከፍት ማቃሰቱን ወዲያው ሰማች።

የመጀመሪያው ድንጋይ እጅግ አስቸገረ። ሁለተኛው ቀለለ። ቀዳዳው ትከሻ ሲያሳልፍ ሚስቱ ገፍትራው ቀድማ ገባች፤ ቀሚሷ ድንጋዩ ላይ ተቀደደ። እትዬ ስልክ ልብስ ማስጫው ሥር ተዘርረዋል። እርጥብ የነበረው አንሶላ እላያቸው ላይ ደርቋል። ያሉት ቃል «ውሃ» ነው።

ዳሌያቸው ተሰብሯል። ሆስፒታል ያያቸው ሐኪም ይህ ይጠገናል አለ። ኩላሊታቸውን የጎዳው ግን መውደቁ አይደለም፤ ያለ ውሃ ፀሐይ ላይ መቆየታቸው ነው። «ትንሽ ቀደም ቢባል» ብሎ ጀመረና ተወው። ቱምቢ መዳፉ በፋሻ እንደተጠቀለለ በሩ ላይ ቆሞ ሰማ። ሚስቱ ወደ እሱ ዞረች። «እኔ ነኝ» አለች። «ገበያ ባልቆይ ኖሮ።»

ያኔ ሊነግራት ይችል ነበር። አፉን ከፈተ። «አንቺ ምን አጠፋሽ» አላት። ይኸው ነው።

በጥናቱ ቀን ክፍሉ ጢም ብሎ ነበር። ሰብሳቢው፣ ድምፃቸው ከሰውነታቸው የሚበልጥ ጡረተኛ መምህር፣ ገና ጸሎቱ እንዳበቃ ተነሱ። «እግዚአብሔር በፈረሰው ቅጥር የሚቆም ሰው ፈልጎ አላገኘም። እኛ አገኘን። የገዛ ግንቡን በገዛ እጁ ያፈረሰ ሰው ይኸው» አሉ። ተጨበጨበ። ሚስቱም አጨበጨበች፤ ከፊት ወንበር።

ቱምቢ ትምህርቱን ጀመረ። ስለ ድንጋዩ ተናገረ፣ ስለ እሾሁ ተናገረ። ስለ ጣሪያው መከታ ግን አንዲት አሮጊት ዳቦ ሻጭ ጠየቀችው።

«መከታውን ሳይሠራ የቀረ ሰው፣ የሚወድቀውን አይቶ ቢሮጥና ቢያነሳውስ? ያኔም ደሙ በእሱ ነው?»

«ሕጉ ስለ መሮጥ አያነሳም» አለ።

«ዛሬ ምነው አንገቱን ደፋ» አለ ልብስ ሰፊው ለጎኑ ሰው። «ሙገሳም ይዘማል እንዴ?»

በማግስቱ ሚስቱ የማትሄድበትን ሰዓት መርጦ ሆስፒታል ሄደ። እትዬ ስልክ መስኮቱ ሥር ያለው አልጋ ላይ ናቸው። ፊታቸው አብጧል።

«ና ቁጭ በል። ወንበሩ ግን ዘሟል፤ እንዳትቀየም።»

ተቀመጠ። ጉልበቱን እያየ «እትዬ» አለ። «ያን ቀን ሰምቼዎት ነበር።»

«አውቃለሁ።»

ቀና አለ።

«ታነብ ነበር። ጠራሁህ፤ ዝም አልክ። ሳልክ። ከዚያ ወንበር ተጎተተ። መስኮቱ ተዘጋ። ልጄ፣ እኔ ጉልበቴን የጨረስኩት ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ደፍቼ ነው። ባዶ መስመር አንድ ነው። ሰው ይዞት ዝም ያለው መስመር ሌላ ነው።»

«ለምን ለማንም አልተናገሩም?»

«ለማን? ለሚስትህ? በየቀኑ ሾርባ ይዛልኝ የምትመጣው እሷ ናት። ነግሬያት በምን ጉሮሮዬ ልዋጠው?»

«ውሃ መውረጃው መስሎኝ ነው። ጠዋት የተነጋገርነው።»

«እሱንም አውቃለሁ። ነገረኛ ነኝ፤ አንተም ነገረኛ ነህ።»

«ይቅር ይበሉኝ።»

ነርሷ ገብታ የተንጠለጠለውን ከረጢት ቀየረች። ወጣች።

«ሳትመጣ መቅረትህን ይቅር ብያለሁ» አሉት። «ማንም ይሳሳታል። መስኮቱን መዝጋትህን ግን ገና ነኝ። እዚያ ተጋድሜ ሳስበው የነበረው እሱን ነው። ግንቡን እንኳ አላሰብኩትም። ግንቡ ቆሞ ነው ያገኘኝ፤ መስኮቱን ግን እየሰማሁ ነው የዘጋኸው።»

ቱምቢ ዓይኑን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«እኔ ይቅር አልኩም አላልኩም፣ አንተ የምትፈራው እኔን አይደለም» አሉ። «ንገራት። በየጊዜው እዚህ ቁጭ ብላ ‹እኔ ነኝ የገደልኩዎት› እያለች ታለቅሳለች። እኔ ደግሞ አንተን ላድን ስል አላጽናናኋትም። ለዚህ ዕዳ የሚሆን ጉልበት የለኝም።»

ቤቱ ሲደርስ ባለቤቱ ምስር እየለቀመች ነበር። ቆሞ ነገራት። ስለ ስሙ መጠራት፣ ስለ ሳሉ፣ ስለ ወንበሩ፣ ስለ መስኮቱ። የቀነሰው ነገር የለም።

ከምስሩ አንድ ጠጠር አውጥታ ሰፌዱ ጠርዝ ላይ አስቀመጠች።

«ምን ነበር የምታነበው?»

«ስለ ቅጥር።»

«እኔ ስመለስ እኮ በር ላይ አገኘኸኝ። ‹ሻይ አፍልቼልሻለሁ› አልከኝ።»

«አዎ።»

«ሻይ አፍልተህ ነበር» አለች፤ እየጠየቀችው አልነበረም። መልቀሙን ቀጠለች። ምስሩ አለቀ። ሰፌዱን አራግፋ ግድግዳው ላይ ሰቀለችው።

የጥናቱን ቡድን መምራት እንደሚያቆም ለሰብሳቢው ነገራቸው። ምክንያቱን ሲጠይቁት፣ በረንዳቸው ላይ ቆሞ፣ ነገራቸው። እሳቸው ዙሪያቸውን አይተው «ይህን ሌላ ሰው ባይሰማው ይሻላል» አሉት። ልብስ ሰፊው ግን በዚያው ሳምንት ሰምቷል፤ ከራሱ ከቱምቢ። የመለሰለት ቀልድ አልነበረም።

እትዬ ስልክ ከሆስፒታል የወጡ ዕለት የቱምቢ ሚስት ፍራሽና ሁለት ቀሚስ ይዛ በፈረሰው ግንብ በኩል ወደ እሳቸው ቤት አለፈች። ቱምቢ ፍራሹን ሊይዝላት እጁን ዘረጋ። አልሰጠችውም። ጠዋት ጠዋት ውሃ እየቀዳ ቀዳዳው ሥር ያስቀምጥላቸዋል፤ ባልዲው ባዶውን ይመለሳል።

እትዬ ስልክ በተከታዩ ዓመት ሞቱ። ባለቤቱ ከቀብሩ ማግስት ፍራሿን ይዛ በዚያው ቀዳዳ ወደ ቤቷ፣ ወደ ቱምቢ ተመለሰች።