አሮጌው ሲስተም እንዳይዘጋ የከለከልኩት እኔ ነኝ

ደብረ ማርቆስ ላይ ዩኒየኑን አንድ ሽማግሌ አስቸገረው ሲባል ሰምታችሁ ከሆነ ሽማግሌው እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ላይ አታላክኩ። አሮጌው ሲስተም እንዳይዘጋ ፊርማዬን ይዤ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ፤ ዛሬም ቢመጣ ያንኑ አደርጋለሁ።

ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፣ ከእርሻ መልስ። ቀስ ብዬ አነባለሁ፣ ቀስ ብዬ እጽፋለሁ። የቀበሌያችን የገበሬ ማኅበር የቁጥጥር ኮሚቴ ሰብሳቢ አድርጎ መረጠኝ። ዩኒየኑም የየማኅበሩን ተቆጣጣሪ ሰብስቦ የራሱን ኮሚቴ ሲያቋቁም ሰብሳቢነቱ ለእኔ ወጣ። የተመረጥኩት አዋቂ ነው ተብሎ አይደለም። ቶሎ እሺ የማይል ሰው ይቀመጥበት ተብሎ ነው።

ዩኒየኑ የየቀበሌው ማኅበራት አንድ ላይ ሆነው ያቆሙት ነው። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር የሚያመጣልን፣ ስንዴና በቆሏችንን ሰብስቦ የሚሸጥልን እሱ ነው። ቢሮው ውስጥ የሁሉንም ማኅበር ቁጥር የሚሰበስብ ሲስተም አለ። ማን አባል ነው፣ ስንት ጥማድ ያርሳል፣ አምና ምን ወሰደ፣ ምን አስገባ፤ ይህን ሁሉ ደምሮ ቀንሶ ዘንድሮ ለየትኛው ማኅበር፣ ለየትኛው ቤት ስንት ይሂድ የሚለውን ያወጣል። ያ ሲስተም አረጀ ተባለ። አንድ ሪፖርት ለማውጣት ቀኑን ሙሉ ያቃስታል፣ መብራት ሲሄድ የያዘውን ይጥላል፣ የሠራው ሰው ስልክ አያነሳም። በአዲስ ይተካ ተባለ። ዝውውሩን የምትመራ ባለሙያ ከባሕር ዳር መጣች።

ባለሙያዋ ጎበዝ ነበረች። ይህን ሳልናገር ባልፍ ዋሸሁ ማለት ነው። አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበችንና እቅዷን ግድግዳው ላይ በብርሃን አበራችው።

«መጀመሪያ የሚጠቅመውን ሪፖርት ከማይጠቅመው እንለያለን» አለች። «ኮተቱን ሁሉ ተሸክመን አንሄድም። ቀጥሎ ዳታውን እናጠራለን፣ እናዛውራለን፣ የሁለቱን ውጤት እናመሳክራለን። የቁጥጥር ኮሚቴው ልክ ነው ብሎ ሲፈርም አሮጌው ይዘጋል።»

እጄን አነሳሁ። «ልጄ፣ ወይፈን ሲገራ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«አላየሁም አባባ።»

«ወይፈን የሚገራው ከአሮጌ በሬ ጋር ተጠምዶ ነው። ሁለት ወይፈን የጠመደ ሞፈሩን ሰብሮ ይመለሳል። አዲሱና አሮጌው አንድ ክረምት አብረው ይጠመዱ።»

ሥራ አስኪያጁ ሳቀ። «አባባ፣ የአሮጌውን በሬ ድርቆሽ ማን ይችላል?» አለ። ሰዉም አብሮ ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም።

«እውነታቸውን ነው» አለች። «ሁለቱ ጎን ለጎን መሄዳቸው እቅዱም ላይ አለ። ክረምቱን ሙሉ ግን አንችልም።»

ማዳበሪያው እስኪታደል ድረስ ይሁን ተባብለን ተስማማን። ይህችን ያዙልኝ፤ በኋላ ሊያስረሱኝ የሞከሩት እሷን ነው።

ለማጥራቱ ሥራ ለየማኅበሩ የአባላት ስም ተላከ። የሞተ አባል ካለ በስሙ ፊት ምልክት ይደረግ ይላል፤ ሌላ ቃል የለበትም። እኛ ዘንድ ደግሞ ሰው ሲሞት ስሙ ከማኅበር ቶሎ አይወጣም። ተዝካሩ እስኪወጣ ቤቱ በሟቹ ስም ይጠራል፤ ሚስቱም ልጁም በእሱ ስም ማዳበሪያ ይወስዳሉ። ተዝካሩ ከወጣ በኋላ ሽማግሌ ተቀምጦ ማን ይተካ የሚለውን ይቆርጣል። መደገሻ አጥቶ ብዙ ዘመን የሚቆይ ቤት አለ፤ ያን ጊዜም ስሙን የሚነካ የለም።

ስለዚህ ምልክት አድርጉ ሲባል ኮሚቴው ተሰበሰበ፤ ቄሰ ገበዙም ነበሩበት። ለጸሎት ስም እንደሚሰጥ ሰው አንድም ሟች እንዳይረሳ ተጠነቀቅን። «የዚያ የቆላውስ ሰውዬ?» ይላል አንዱ። «እሱንም ያዝ፣ ነፍሱን ይማረው» ይላል ሌላው። በእያንዳንዱ ፊት መስቀል አደረግን፣ ያውም አሳምረን። ቤቱ የሚታሰብ መስሎን ነው። እነሱ ዘንድ ምልክት ያለበት ሁሉ ይውጣ ማለት ኖሯል።

ግንቦት ላይ አዲሱ ሲስተም ያወጣው የማዳበሪያ ድልድል መጥቶ መጋዘኑ በር ላይ ተለጠፈ። የራሴን ስም ስፈልግ የወንፈል ጓደኛዬ ሚስት ከኋላዬ መጣች። ባሏ ያረፈው ጥቅምት ላይ ነው፤ ተዝካሩ ገና አልወጣም። እሱና እኔ ከጎረምሳነታችን ጀምሮ አንዳችን ለአንዳችን ስናርስ የኖርን ነን።

«አያ፣ የእኛን ቤት እስቲ ይዩልኝ» አለችኝ።

ከላይ እስከ ታች አነበብኩ። የለም። እንደገና ጀመርኩ። የለም።

«ዓይኔ ደክሞ ይሆናል» አልኳት።

«ዓይንዎስ ደህና ነው። መጋዘን ጠባቂውም የለሽም ብሎኛል።»

«ታዲያ እኔን ለምን ታለፊኛለሽ?»

«እርስዎም የለሽም ሲሉኝ ልስማው ብዬ ነው። የባሌ ወንድም ዛሬ ጠዋት መጥቶ ነበር። ማዳበሪያ ካላገኘሽ መሬቱን ለእኩል ስጪኝ፣ እኔ ልረሰውና ምርቱን እንካፈል ይላል። አንዴ ከገባበት እንደማይወጣ እርስዎም ያውቁታል።»

አውቀዋለሁ። ለአንድ ክረምት ብቻ ተብሎ የተሰጠ መሬት ባለቤቱን ሲያንከራትት አይቻለሁ።

በማግስቱ ደብረ ማርቆስ ገባሁ። ከመናኸሪያው እስከ ቢሮው ባጃጅ አልያዝኩም፤ የተናደደ ሰው በእግሩ ቢሄድ ይሻለዋል። ባለሙያዋ ኮምፒውተሯን ወደ እኔ አዞረችው።

«አባባ፣ ሞቷል ብላችሁ ምልክት ያደረጋችሁት እናንተ ናችሁ። በአሮጌውና በአዲሱ መካከል ያለው ልዩነት ይኸው ነው፤ የተጠበቀ ልዩነት ነው።»

«ልዩነት ያልሽው ቤት ነው። ሰውዬው ሞቷል፣ ቤቱ አልሞተም።»

«በሞተ ሰው ስም እያወጣ የሚሸጥም አለ። እሱን ለማስቆም ነው።»

«አለ፤ እኛም ዘንድ አይታጣም። ሌባውን ያዢ እንጂ ሴትዮዋን ለምን ትጥያለሽ?»

ኮምፒውተሯን መልሳ ወደ ራሷ አዞረችው። ከዚያ የባሰውን ነገረችኝ። ዝውውሩ እስኪያልቅ አዲስ አባል መመዝገብ ተዘግቷል። የሚከፈተው አሮጌው ሲዘጋ ነው፤ አሮጌው የሚዘጋው ደግሞ እኔ ስፈርም ነው።

ሥራ አስኪያጁ ይህን ሰምቶ ከውስጥ ወጣ። «እንግዲህ ይፈርሙና ይገላገሉ። ለከርሞ ትመዘገባለች።»

«ለከርሞ መሬቷ በማን እጅ ነው?»

«እሱ የቤተሰብ ጉዳይ ነው አባባ። የአሮጌው ሲስተም ውል በወሩ መጨረሻ ያልቃል።»

«ማዳበሪያው እስኪታደል ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ ተባብለናል። ታድሏል?»

«ድልድሉ እኮ ወጥቷል።»

«ድልድል መሬት ላይ ተበትኖ ያበቅላል?»

«ጊዜው የዲጂታል ነው። ከጊዜው ጋር መሄድ ነው የሚሻለው።»

«እኔ የትም አልሄድም። ወንበር አምጣልኝ።»

አመጣልኝ፤ ክፋትስ የለበትም። ተቀመጥኩ። ከተማ ካለች የእህቴ ልጅ ቤት እያደርኩ በማግስቱም መጣሁ፣ በሠልስቱም። አንዱ የሒሳብ ሠራተኛ «አባባ፣ ደመወዝ ሊጀምሩ ነው መሰል» አለኝ። «ካንተ ቀድሜ ስለምገባ ይገባኛል» አልኩት። ከዚያ ወዲያ ማለዳ መግባት ጀመረ።

ነገሩ ሳይቋጭ ስለዋለ ሴትዮዋ ራሷ እንድትመጣ ላኩባት። በገበያ ቀን መጣች፤ ጥቁር ልብሷን አላወለቀችም። ከባለሙያዋና ከሥራ አስኪያጁ ጋር አራታችን ተቀመጥን።

«መስቀሉን ሰርዢና የሰውዬውን ስም መልሺው» አልኳት ባለሙያዋን። «ተዝካሩ እስኪወጣ እንደነበረው ይሁን።»

«አይሆንም።»

ባለሙያዋ መስላኝ ቀና አልኩ። ያለችው የሟቹ ሚስት ናት።

«ምን አልሽ?»

«አያ፣ ስሙን ለተዝካሩ ይተዉለት። ማዳበሪያው በእኔ ስም ይጻፍ። በእሱ ስም ከሆነ ወንድሙ ነገ መጥቶ የወንድሜ ነው ይለኛል። በስሜ ከሆነ ምን ሊል ነው?»

«የአገሩ ደንብ እኮ…»

«የአገሩ ደንብ ዘንድሮ ማዳበሪያ ሰጠኝ?»

እኔን ሰው እንዲህ አይናገረኝም። ያውም ለእሷ ብዬ ስንት ቀን ወንበር ሳሞቅ ሰንብቼ። ባለሙያዋ አፏን በእጇ ሸፈነች። ተናድጄ ነበር፤ ግን የተናገረችውን ወዲያና ወዲህ ባደርገው የሚነቀፍ ቦታ አጣሁበት።

«እንዳለችው ይሁን» አልኩ። «በራሷ ስም ጻፉላት።»

«አዲስ ምዝገባ ተዘግቷል አልን» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«የዘጋው እግዜር አይደለም። ክፈቱት።»

ባለሙያዋ ከስክሪኗ ወደ እሱ ዞረች። «ሌሎቹም ማኅበራት ምልክቱን እንደ እነሱ ከተረዱት የወጣው አንድ ቤት አይደለም። አሁን ከዘጋን ስህተቱን ጭነን ነው የምንዛወረው። የአሮጌውን ውል ትንሽ ያስረዝሙልኝ፤ እኔ ለየማኅበሩ እየደወልኩ እጠይቃለሁ።»

«ለቦርዱ ምን ብዬ?»

«ሽማግሌው አልፈርምም አሉ በላቸው» አልኩት። «አልዋሸህም።»

ውሉ ተራዘመ። እሷም መደወል ጀመረች። በደብረ ኤልያስ በኩል ያለ አንድ የማኅበር ጸሐፊ «መስቀል ያደረግንባቸውን አደራ እንዳትረሱብን» ብሎ እንደመለሰላት ስትነግረኝ ሁለታችንም ሳቅን። አብረን የሳቅነው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሌላ ማኅበር ደግሞ ምልክት ካደረገባቸው ውስጥ እውነትም ወራሽ የሌላቸው፣ በስማቸው የሚነገድባቸው ተገኙ። እነዚያ ወጡ፤ እኔም ይውጡ አልኩ። የቆሙት ቤቶች ግን በሚያርሰው ሰው ስም ተመዘገቡ።

ሰኔ ሲገባ የሴትዮዋን ስም ስክሪኑ ላይ አሳዩኝ። ፊደል በፊደል አነበብኩት፤ የራሷ ስም፣ የአባቷም ስም። ልክ ነው። ሥራ አስኪያጁ እስክሪብቶ አቀበለኝ።

«ይኸው፣ አሁን ይፈርሙ።»

«ስሟን አየሁ። ኩንታሉን አላየሁም» ብዬ እስክሪብቶውን መለስኩለትና አገሬ ገባሁ።

ማዳበሪያው የመጣ ዕለት መጋዘኑ በር ላይ ቆሜ ጠበቅሁ። ስሟ ተጠራ። የባሏ ወንድም አጥሩን ተደግፎ ያያል። እሷ አህያዋን ጭና መጫኛውን እንደ ወንድ ሳብ አድርጋ አጠበቀችና በአጠገቤ ስታልፍ ቆም አለች።

«አያ።»

«አቤት።»

«አሁን ይፈርሙላቸው። ያቺ ልጅ ደክሟታል።»

በማግስቱ ደብረ ማርቆስ ሄጄ ወረቀቱን አስመጣሁ። ስሜን ለመጻፍ ጊዜ ይፈጅብኛል። ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን አየ፣ ደግሞም አየ። እኔ እንደ ልማዴ ቀስ ብዬ ጻፍኩ።