ከካሜራው እስከ ዓይን ሥር

አሶሳ ፎቶ ቤት ውስጥ ሥራ የጀመርኩት ክር በመያዝ ነው። ክልሉ አዲስ የተመሠረተበት ጊዜ ነበር፤ የተቀጠረ ሁሉ ለማኅደሩ ጉርድ ፎቶ ይጠየቃል። የፎቶ ቤቱ ባለቤት በላይ፣ ኋላ ባሌ የሆነው፣ በመጀመሪያው ቀን አንድ ጥቁር ክር ሰጠኝ።

«ሴቶቹ ፊት ላይ እኔ እጄን አልዘረጋም፤ ያ ያንቺ ሥራ ነው» አለኝ።

ካሜራው አሮጌ ነው። በመመልከቻው ስታዩ የሰውየው ምስል ሁለት ሆኖ ይታያል። የሌንሱን ቀለበት ስታዞሩት ሁለቱ ይገጥማሉ፤ ያኔ ርቀቱ ልክ ነው። ሌንሱ ግን ካሜራው ከሚለካው በላይ ወደ ሰው መቅረብ ይችላል። ከአንድ ሜትር ወዲህ ቀለበቱ ይዞራል፣ በመመልከቻው ያለው ምስል ግን አይንቀሳቀስም። ስለዚህ በላይ አንዱን የክር ጫፍ ካሜራው ላይ አስሮ፣ ሌንሱን ባስተካከለበት ርቀት ልክ ቋጠሮ አበጅቷል። ቋጠሮውን ከተነሺው ዓይን ሥር አደርሳለሁ፣ ክሩ ሲወጠር እለቃለሁ፣ እሱ ያነሣል። ፊልም ከአዲስ አበባ ስለሚመጣ ለአንድ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ነበር የምናነሣው።

አንድ ቀን አብዱ የሚባል፣ ድንበር ላይ ወዳለችው ኩርሙክ የሚመላለስ ነጋዴ አክስቱን ሐጃ አሚናን ከሆሞሻ ይዞ መጣ። ልጃቸው ከድንበሩ ማዶ ሱዳን ከገባ ብዙ ዓመቱ ነው። ሐጃ ታመዋል፤ መንገዱን አይችሉትም። ፎቷቸውን አብዱ ሊያደርስላቸው ነው።

«ትልቅ ፊት አድርግ። ልጄ ዓይኔን ይይ» አሉ።

ክሩን ሳስጠጋ ዘወር ብለው አዩኝ፤ አማርኛቸው ሴትና ወንድ አይለይም። «ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ እንደ ፍየል ልታስረኝ ነው?»

«ፍየል እንኳ ያንቺን ያህል አይለፈልፍም፣ አክስቴ» አለ አብዱ።

ሐጃ ሳቁ። ሲስቁ ወደ ኋላ ሸሸት አሉ። እኔ ክሩን ለቅቄያለሁ፤ በላይም አነሣ።

በማግስቱ ፊልሙ ሲታጠብ፣ አገጫቸው ሥር በእጃቸው የያዙት የሻሽ ጫፍ ጥርት ብሏል። ዓይናቸው ግን ጭጋግ ነው።

አብዱ ፎቶውን አየና፣ «ልጁ የሚያውቀው የሻሹን አበባ ነው እንዴ?» አለ። የሚሄድበት መኪና ከነገ ወዲያ ወደ ኩርሙክ ይነሣል። ሐጃ ደግሞ ከአልጋ አልተነሡም።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩ።

«የሁለታችንም ነው» አለ በላይ። ካሜራውን አንገቴ ላይ አጠለቀልኝ። «የታመመች ሴት መኝታ ቤት እኔ አልገባም። አንቺ ሂጂ።»

«አንስቼ አላውቅም እኮ።»

«መለካት ታውቂያለሽ። ሌላው ጣት መጫን ነው።»

ሆሞሻ ስደርስ ሐጃ በር አጠገብ ባለ አልጋ ላይ ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ብርሃኑ ደህና ነበር። ካሜራውንም ክሩንም መያዝ ስላልቻልኩ ቋጠሮውን ለእሳቸው ሰጠሁ። ራሳቸው ዓይናቸው ሥር ያዙት።

«አሁን አንተም ታሰረ» አሉኝ።

ክሩን ሲለቁት አነሣሁ። ስጫን ካሜራው የተነቃነቀ ስለመሰለኝ አንድ ልድገም አልኳቸው።

«አንድ አልበቃም?»

«ለልጅዎ ነው፣ ሐጃ።»

ቋጠሮውን መልሰው ያዙ፤ ከለቀቁትም በኋላ ፊታቸውን ሳያንቀሳቅሱ ጠበቁኝ። ሲታጠብ የመጀመሪያው እንደገና ደብዝዟል። በሁለተኛው ግን የሽፋሽፍታቸው ፀጉር ይቆጠራል። አብዱ ያንን ይዞ ሄደ።

ከሳምንታት በኋላ ተመልሶ መጣ። «ልጁ ፎቶውን ኪሱ አላስገባም» አለ። «ምሳ ሲበላ እንኳ በግራ እጁ ይዞት ነበር።»

በላይ ካረፈ በኋላ ያንኑ ሌንስ በማገናኛ ቀለበት ዲጂታል ካሜራ ላይ አደረግሁት። ሌንሱ ለፎቶው የሚሰጠው መልክ ያው ነው፤ ጥላውን ለስለስ ያደርጋል። አሁን ዓይኑ መጥራት አለመጥራቱ እዚያው ስክሪኑ ላይ ይታያል፤ ክር መያዝ ቀርቷል። ከእኔ ጋር የሚሠሩት ልጆች ይህ ቀላል ይመስላቸዋል፤ ደግሞም ቀላል ነው።

ባለፈው ክረምት የድሮ ፊልሞችን ስለይ፣ በላይን ከቅርብ ርቀት ያነሣሁበትን አንድ ፎቶ አገኘሁ። ሳነሣው ወደ ኋላ ሸሸት ብሏል። የሸሚዙ ቁልፍ ጠርቷል፤ ፊቱ ደብዝዟል። ከሐጃ ወዲህ ሰውን ሁሉ ሁለት ጊዜ ነበር የማነሣው። እሱን ግን እቤት ያለ ሰው ነው፣ ነገ አነሣዋለሁ ብዬ ተውኩት።

ሰው ከፊታችሁ ሳይሄድ ሁለተኛውን አንሱ። የቤታችሁ ሰው እንኳ ቢሆን።