የድንበሩ ድንጋይና ተኝቶ የሄደው ሰው

አበራሽ ሃያ ሁለት ዓመት የኖረችው በእንቅልፉ ከሚሄድ ባል ጋር ነው። በእስቴ ይህን በሽታ እንደ እሷ ያየው ሰው የለም። ሟቹ ባሏ ተስፋሁን የሚነሣው ሁልጊዜ በመጀመሪያው እንቅልፍ ነበር፤ ዓይኑ ተገልጦ፣ ሲጠሩት ሳይሰማ። አንድ ሌሊት በሬዎቹን ጠምዶ ደጅ አቆማቸው። ሲነጋ ግን «ማነው የጠመዳቸው?» ብሎ ቤቱን ሁሉ ተቆጣ! የመካነ ኢየሱሷ ሐኪም ሳሮን፣ «ምርመራው ከአንቺ ይጀምራል፤ እሱ ምንም አያውቅም። መቼ እንደሚነሣ፣ ምን እንደሚያደርግ፣ ሲነቃ ምን እንደሚል ልብ በዪ» ብላት ነበር። አበራሽም ልብ አለች።

ዘንድሮ ጎረቤቷ ጌታነህ የድንበሩን ድንጋይ ዐሥራ አምስት እርምጃ ወደ ገብሷ አስገባው። አባቶች ድንበር ሲተክሉ ከድንጋዩ ሥር ከሰል ይቀብራሉ፤ ከሰል አይበሰብስምና ምስክር ነው። ያ ከንቱ ሰው ድንጋዩን ወሰደ፣ ከሰሉን ረሳ። ሽማግሌዎች ቆፍረው አገኙት።

መካድ ቢያቅተው፣ «ተኝቼ ነው፣ አባቶቼ» አለ። «በሽታ አለብኝ። ራሱን ሳያውቅ ያጠፋ ደግሞ በሕግም አይጠየቅም።»

የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ አባ ዘካርያስ ተስፋሁንን ያውቁት ነበርና አመነቱ። በበሽታ ነው ከተባለ ዳግም ድንበር ላለመግፋቱ ዋስ አይጠራም፤ ዋስ ካልጠራ ደግሞ ጌታነህ በየዓመቱ ይተኛል፣ የአበራሽም መሬት በየዓመቱ ያንሳል።

አበራሽ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች።

«ጌታነህ፣ ድንጋዩ ከብዶህ ነበር?»

«እንዴት አይከብደኝ! ሁለቴ አስቀምጬ አረፍሁ እንጂ።»

«ጨረቃስ ነበረች?»

«ግማሽ። ውሻሽም ጮኾብኝ ዝም አሰኘሁት።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጋቢው ውስጥ ሆኖ ሳቁ አመለጠው።

«አባ፣» አለች አበራሽ፣ «ባሌ በዚያ ሁሉ ዓመት አንዲት ነገር አስታውሶ አያውቅም። አንዳንዱ እንደ ቅዠት ያለ ነገር ትዝ ይለዋል ብላኛለች ሳሮን፤ ጨረቃ ለክቶ፣ ውሻ ገሥጾ የሚሄድ ግን አልነገረችኝም። ሰው በበሽታው የሚኮራ መሰላችሁ! የታመመ እኮ ያፍራል፤ ይህ ይኩራራል።»

አባ ዘካርያስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ዋስ ጥራ። ድንጋዩንም አንተው መልሰው፤ አሁን፣ በፀሐይ።»

ጌታነህ ጎንበስ ብሎ ተሸከመ። አምስት እርምጃ ሳይሄድ ላቡ ተንቆረቆረ።

«አስቀምጠህ እረፍ እንጂ፣» አለችው አበራሽ ከኋላው፣ «መንገዱን ታውቀው የለ።»