በቢጫ ጠመኔ የተጻፈው

የአሜሪካ አሮጌ መኪና ወዳጆች ጉዳቸው ብዙ ነው። አሳምሮ ካስቀባው ሰው ይልቅ፣ ቀለሙ ተሰነጣጥቆም ቢሆን ከፋብሪካ እንደወጣ የተወው ይከበራል። ኮፈኑን ከፍተው ከሞተሩ ጀርባ ባለው ብረት ላይ የፋብሪካው ተቆጣጣሪ ያኔ በቢጫ ጠመኔ የሞነጫጨረውን ካገኙማ ሊሳለሙት ምንም አይቀራቸው። እኔም እየሳቅሁባቸው ገባሁበትና ከእነሱ ብሼ ቁጭ አልኩ።

መኪናዬ በዕድሜ ትበልጠኛለች። እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ባለው ቤታችን ጋራዥ ውስጥ አቁሜ ሦስት ዓመት ሙሉ በለስላሳ ብሩሽ ብቻ አቧራዋን ሳራግፍ ኖርኩ። ያላት የጠመኔ ምልክት አንድ ሰባት ቁጥርና ከጎኑ አንድ ጭረት ነው። እሁድ እዚሁ አቅራቢያችን አሌክሳንድሪያ ከተማ በሚደረገው የመኪና ትርኢት፣ ምንም ያልተነኩ መኪኖች በሚወዳደሩበት ምድብ ተመዝግቤያለሁ። ሌላ ሕልም አልነበረኝም፤ ሚስቴ ትመስክር።

ቅዳሜ ከሥራ ስመለስ አማቴ፣ የሚስቴ አባት፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው ጋራዡ በር ላይ ቆመዋል። አዲስ አበባ ሠላሳ ዓመት የመሥሪያ ቤት ሾፌር ነበሩ። ልጃቸው ካመጣቻቸው ወዲህ ግን ስድስት ወር ሶፋ ላይ ተቀምጠው በመስኮት ሲያዩ ነው የከረሙት።

«ና እስቲ እያት» አሉኝ ደስ ብሏቸው። «መኪና ሰው ፊት የሚቆመው ታጥቦ ነው። ጉድ ልትሆን ነበር!»

ኮፈኑ ተከፍቷል። ሞተሩንና ዙሪያውን ቤንዚን በተነከረ ጨርቅ ፈትገው አብለጭልጨውታል። ሰባቱም ጭረቱም የሉም።

በአማት ላይ አይጮህም። ጮህኩ።

«አባባ፣ ምን አደረጉኝ! ኦሪጅናሉ እኮ እሱ ነው! ዳኞቹ የሚያዩት እሱን ነው!»

«ያ ጭረት?» አሉ። ፊታቸው ጠቆረ። ወደ ቤት ገቡ፤ እራትም አልበሉም። አፈርኩ፤ ግን ይቅርታ ሳልጠይቅ ተኛሁ።

ጠዋት ኮፈኑን ስከፍት ሰባቱ ተመልሷል፤ ጭረቱም ከነዝንባሌው። የልጄን ቢጫ ጠመኔ ወስደው ያጠፉትን በትዝታ ጽፈውታል። አዲስነቱ ግን ያስታውቃል። ዳኛ በአንድ ዓይኑ ይለየዋል፤ አስመስሎ መጻፍ ደግሞ ከማጥፋት ይብሳል፣ ያስባርራል። ጨርቅ አነሳሁ። መልሼ አስቀመጥኩት።

ከውድድሩ ወጣሁና መኪናዋን ለእይታ ብቻ ከመጡት ጋር አቆምኳት። አማቴ ሱፋቸውን ለብሰው አጠገቧ ወንበር ላይ ተቀመጡ። አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ አንገቱን አስግጎ ጠመኔውን ሲያይ ቆየና ማን እንደጻፈው ጠየቀኝ።

«ተቆጣጣሪው» አልኩት፤ በእጄም አማቴን አመለከትኩ።

ሰውዬው ባርኔጣውን አውልቆ ወደ አማቴ ሄደ። እሳቸውም ምን እንደተባለ ሳይገባቸው ብድግ ብለው በሁለት እጃቸው ጨበጡት።