ትቀላለች ተብላ የተጠበቀች ፍሬ

ከከተማው ግንብ በሮች አንዱ በሆነው በፈላና በር አጠገብ ቆዳና ቡና በምነግድበት ዘመን ሱቄን የተከራየሁት ከአንድ ጸሐፊ ነበር። አባቱ ከሸዋ ከመጣው ጦር ጋር ገብተው ግቢውን ተመሩት፤ ልጃቸው ደግሞ በኪራዩ መነጽር ገዛበት። የሚያነበው ነገር በሌለበት ሁሉ መነጽሩን አያወልቅም፤ የሚነበብ ሲመጣ ግን ዓይኔን አመመኝ ይላል።

ከሱቄ ጓሮ ጸሐፊው ስሟን የማያውቃት አንዲት ዛፍ ነበረች። ጓሮውን የሚንከባከቡት የከተማው ተወላጅ የሆኑ አንድ ሐጂ ናቸው። ግቢው ቀድሞ የአባታቸው ነበር፤ አሁን ከሚስታቸው ጋር ጥግ ላይ በቀረችላቸው አንዲት ክፍል ይኖራሉ። ዛፏን ከዘር ያበቀሏት ሚስታቸው ናቸው።

ፍሬዋ አረንጓዴ ነው፤ ቆዳው እንደ ኤሊ ጀርባ የተከፋፈለ። ጸሐፊው በየማለዳው ቀና ብሎ ያይና «ዛሬም አልቀላችም» ብሎ ይሄዳል። ፍሬ ሁሉ እንደ ኮክ ቀልቶ ካልጠራው የበሰለ አይመስለውም። ፍሬዋም ሳትቀላ ትጠቁርና ትወድቃለች፤ ጉንዳን ይበላታል።

አንድ ቀን የፈረንጅ መጽሐፍ ተውሶ መጣ። ፊደሉን አያውቀውም፤ ቅጠሏን በየሥዕሉ ላይ እያስተኛ ይለካ ጀመር።

«ሾላ ናት» አለ በመጨረሻ።

«ጌታዬ፣ ሾላ ሲቀነጠስ ወተት ያወጣል። ቅጠሏን ቀንጠስ አድርገው ይዩት» አልኩት።

«ዛፍ በእጅ አይታወቅም፤ በመጽሐፍ ነው» አለኝ። እጁን ማቆሸሽ አልፈለገም።

መጽሐፉን ዘጋና ወደ ሐጂ ዞረ። ያን ሁሉ ነጭ ጺም እያየ «አንተ» ነው የሚላቸው። «ቅዳሜ ምሳር ይመጣል። ምን ዛፍ እንደሆነች ካወቅህ ተናገር፤ ካላወቅህ ለማገዶ ትሁን።»

«አላህ ያውቃል» አሉ ሐጂ።

እኔ በቆዳ ገበያ ያደግሁ ሰው ነኝ። ሻጭ «አላህ ያውቃል» ካለ እሱም እንደሚያውቅ አውቃለሁ። ጸሐፊው ሲሄድ አንድ ቅጠል ቀነጠስኩ፤ ወተት የለውም። ስጨፈልቀው ደስ የማይል ሽታ ሸተተኝ። ከወደቁት ፍሬዎች አንዱን ፈለጥኩ፤ ጥቁር፣ እንደ ጥንዚዛ ጀርባ የሚያብለጨልጭ ዘር ወጣ። ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ከባሕር ማዶ፣ ኤደን ወደብ ላይ ቆዳ የሸጥኩለት አንድ ህንድ እንዲህ ያለ ፍሬ ጋብዞኝ ነበር፤ ውስጡ ነጭ፣ ስኳር እንደገባበት እርጎ፤ ጊሽጣ ይሏታል። ፍሬዋን በልቻለሁ እንጂ ዛፏን አላየሁም ነበር።

ቀጥ ብዬ ወደ ሐጂ ክፍል ገባሁ። ሚስታቸው አንድ ቅርጫት በሻሻቸው ሸፈን አደረጉ፤ ግን ዘገዩ። ገለባ ላይ የተደረደሩ ጊሽጣዎች ነበሩ፤ አረንጓዴ እንደሆኑ የለሰለሱ።

«ሐጂ፣ ይቺ እኮ ስትበስልም አትቀላም» አልኳቸው።

«እኛ መቼ ትቀላለች አልነው? ራሱ ነው ያለው።» ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስሟን ብነግረው ፍሬዋን ይወስዳል። ዝም ብል ግንዷን ያነዳል። አንተ ነጋዴ ነህ፤ የቱ ይሻለኛል?»

«ሁለቱም ገበያ አይደለም።»

«የያዝከውን ዘር ግን አትጣለው» አሉ ሚስታቸው። «ፈጭተን የልጅ ልጆቻችንን ራስ እንቀባበታለን፤ ለቅማል። ዓይን እንዳይነካ ብቻ።»

ለጸሐፊው የሚሸጠውን ዕቃ ያን ጊዜ አገኘሁት።

በማግስቱ ጸሐፊውን «ዛፏን አወቅኋት፤ የቅማል መድኃኒት ናት» አልኩት። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። «ዘሯ ተፈጭቶ ራስ ይቀባል፤ ዓይን ከገባ ግን አደገኛ ነው።» ከተናገርኩት አንዲትም ውሸት የለችበትም። ያልተናገርኩትን አልጠየቀኝም።

«በእኔ ቤት ቅማል የለም» አለ።

«አለ ያለውስ ማን ነው፣ ጌታዬ?»

«ቢሆንም ለደሃ ትጠቅማለች። ትቆይ።» ይህን ሲል ከጆሮው ኋላ እያከከ ነበር።

ቅዳሜ ምሳሩ አልመጣም። ሰኞ ግን ገረዱ ባዶ ስኒ ይዛ ዘር ልትወስድ መጣች። «ለጎረቤት ነው ብለዋል» አለች፣ ሳትጠየቅ።

ከዚያ ወዲያ እንግዳ በመጣ ቁጥር ጸሐፊው መነጽሩን አስተካክሎ ዛፏን እንዴት በመጽሐፍ እንደለያት ይተርካል። እንዳይነኳት ያስጠነቅቃቸዋል፤ እነሱም ተደንቀው ራቅ ብለው ያያሉ። እኔና ሐጂ ጥግ ባለችው ክፍል ተቀምጠን ጊሽጣችንን እንበላለን። ዘሩን አንዲት ስኒ ውስጥ እንተፋለን፤ ሚስታቸው አጥበው ያደርቁትና ለእሱ ይልኩለታል።