የሦስት ደቂቃ ዕጣ

የያዙኝ የሰሌዳውን ግማሽ ከጻፍኩ በኋላ ነው። ሁለት ሰዎች የክፍሉን በር ከፍተው «መምህር፣ አንዴ ፈልገንዎት ነበር» አሉኝ። ትሕትናቸው እስከ መኪናው ድረስ ቆየ። በመምህራን ስብሰባ ላይ የተናገርኩት ነገር እንዳልተወደደልኝ ያኔ ገባኝ። ሰበታ ወዳለ ማቆያ ወሰዱኝ። ክፍሉ ድሮ የእህል መጋዘን ስለነበረ ግድግዳው ያኔም ገብስ ገብስ ይሸት ነበር። ከእኔ ጋር አሥራ ሁለት ሆንን።

የት እንዳለን ቤተሰቦቻችን አያውቁም ነበር። ባለቤቴ ከጣቢያ ጣቢያ እየዞረች እንደምትጠይቅ አስብ ነበር። በዘጠነኛው ቀን ጠዋት አንድ ጠባቂ በሩን ገርበብ አድርጎ፣ «ለአንድ ሰው ስልክ ተፈቅዷል፤ ሦስት ደቂቃ። የሌላ እስረኛ ስም ከተነሳ እዘጋዋለሁ። ከምሳ በኋላ ስለምመጣ ማን እንደሚደውል ተስማሙ» ብሎን ሄደ።

ሁላችንም ወደ አንድ ሰው ዞርን። ኦቦ እንላቸዋለን፤ ስድሳን ያለፉ የተጂ ገበሬ ናቸው። የተያዙት አንዲት ልጃቸው የመጀመሪያዋን ልትወልድ ቀኗ በደረሰበት ሳምንት ነው።

«አንቱ ይደውሉ» አልናቸው።

«ለኪ! አይሆንም» አሉ እጃቸውን እያወዛወዙ። «ሁላችሁም ቤት አላችሁ። በምጽዋት አልደውልም። ዕጣ ይውጣ፤ ከደረሰኝ ዋቃ ሰጠኝ እላለሁ።»

«እሺ፣ ግን አንቱ ይቅደሙ» አለ የገላን ሚኒባስ ረዳት የነበረው ቀልደኛ ልጅ። «ፊት የገባ ነው ወንበር የሚያገኘው።»

«መቅደምም አድልዎ ነው። እኔ መጨረሻ አነሳለሁ።»

«መጨረሻማ የተራረፈ ነው የሚደርስዎት!» ብሎ ተነሳ የቡራዩው ጨርቅ ነጋዴ። ክፍሉ ተንጫጫ። ግማሹ የቀደመ ያሸንፋል፣ ግማሹ ባዶው እስኪወጣ የጠበቀ ያሸንፋል ይላል። እኔ ደስ አለኝ፤ የሂሳብ መምህር ነኝና በዘጠኝ ቀን ውስጥ የመጀመሪያው የሙያዬ ጥያቄ ይህ ነበር።

ከግድግዳው የረገፈ ኖራ አንስቼ ሲሚንቶው ላይ ጻፍኩ። «የመጀመሪያው ሰው ዕድል ከአሥራ ሁለት አንድ ነው። ሁለተኛው እንዲያገኝ መጀመሪያ ፊተኛው መሳት አለበት፤ የመሳት ዕድሉ ከአሥራ ሁለት አሥራ አንድ። ከዚያ ከቀሩት አሥራ አንድ ወረቀቶች ምልክት ያለባትን አንዷን መምታት አለበት። አባዙት።»

ነጋዴው በጣቶቹ አሰበና፣ «ወላሂ፣ ይኸውም ከአሥራ ሁለት አንድ ሆነ!» አለ።

«እስከ መጨረሻው ሰው ብትሄዱ ያው ነው። ተራው አይደለም የሚያሳስታችሁ፣ አንዱ ከሌላው በፊት መክፈቱ ነው። ሁላችንም አንስተን እስክንጨርስ ማንም አይክፈት።»

ረዳቱ ግን ካላየሁ አላምንም አለ። ከሳሙና መጠቅለያ አሥራ ሁለት ብጣሽ ቀድዶ አንዷ ላይ የኤክስ ምልክት አደረገና ተሰለፍን። አርባ ስምንት ጊዜ አወጣን። ባሸነፍን ቁጥር እንጨፍራለን፣ በተሸነፍን ቁጥር እንሳደባለን፤ ጠባቂው ሁለት ጊዜ በሩን ደበደበ። በመጨረሻ ሲቆጠር የፊተኛው ቦታ አምስት ጊዜ፣ የኋለኛው አራት ጊዜ አሸንፎ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ የተደሰተ ክፍል አስተምሬ አላውቅም።

«ይሄ ወረቀት ተጨማደደ፣ ለዋናው አዲስ ላዘጋጅ» ብሎ ረዳቱ ከነነጋዴው ጋር ጥግ ያዘ። እኔ ለኦቦ ስለ ሦስተኛው ሰው ዕድል በማስረዳት ላይ ነበርኩ።

ከምሳ በኋላ አነሳን። ኦቦ መጨረሻ አነሱ። «ክፈቱ» አልኩ።

የእኔ ላይ ኤክስ አለ።

የባለቤቴን ድምፅ ልሰማ ነው፤ ቁጥሯን በልቤ እደግም ጀመር። አፌን ልከፍት ቀና ስል ነጋዴው አፍጥጦ ያየኛል። ከአጠገቡ ረዳቱ ወረቀቱን አፉ ውስጥ ከትቶ ያኝካል። የግራ ጎረቤቴ ጉንጭም ይንቀሳቀሳል። ሁሉም ወረቀት ላይ ኤክስ እንዳለ ያኔ ገባኝ። ለእኔ ያልነገሩኝ ፊቴ ሚስጥር ስለማይችል ነው፤ በኋላ ረዳቱ ይህንኑ ነገረኝ።

ቁጥሯን እስከ መጨረሻው ደገምኩት። ከዚያ ወረቀቱን አፌ ውስጥ ጨምሬ ዋጥኩት።

«እኔ ነኝ!» አሉ ኦቦ፣ ወረቀታቸውን ወደ ብርሃኑ ዘርግተው። «እኔ ነኝ!»

ደውለው ሲመለሱ በሩ ገና ሳይዘጋ፣ «ኢንተላ! ሴት ናት! ሁለቱም ደህና ናቸው!» ብለው ጮኹ። ነጋዴው አቀፋቸው፤ እኛም እያጨበጨብን ዘፈንን፣ ጠባቂውም በሩን አልደበደበም። ሲረጋጉ ትከሻዬን ያዙ።

«መምህር፣ ያልከው እውነት ነው። መጨረሻ የቆመም እኩል ነው።»

«እኩል ነው፣ ኦቦ» አልኩ። የሂሳብ መምህር ሆኜ የዋሸሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

አሁን ተፈትቼ ሱሉልታ አስተምራለሁ። ለባለቤቴ ይህን ታሪክ ለመንገር ሁለት ዓመት ፈራሁ። የነገርኳት ባለፈው ወር፣ ልብስ እያጠፍን ነው። ያን ጊዜ ስልኩን ከእጇ ሳትለይ እንደከረመች አውቃለሁ፤ እንድትቆጣ ጠበቅኩ። የያዘችውን ሸሚዝ አጥፋ ጨረሰችና ሌላ አነሳች።

«እኔም እውጠው ነበር» አለች።