ማሽላችን ላይ የተተከለው ችግኝ

ጣልያን ሸዋ ሮቢት ገብቶ መኪና መንገድ ሲያወጣ ቤታችን መንገዱ ዳር ሆነ። እኛ ወደ መንገዱ አልሄድንም፤ መንገዱ ነው ወደ እኛ የመጣው። ይህን የምለው ልጆቼ “ማን መንገድ ዳር አስቀመጣችሁ?” እያሉ ስለሚያደርቁኝ ነው።

መጀመሪያ የመጣው ደንብ አጭር ነበር። መንገድ ዳር ያለ ቤት ሁሉ የእሾህ አጥሩን ያንሳ፣ ደጁን ይደልድል፣ ለካሚዮን ማቆሚያ ይተው ተባለ። አባቴ አጥሩን አነሳ፤ የከብቶቹን በረት ወደ ጓሮ አዞረ። ጥቂት ወራት እንደቆየ የጣልያኖቹ አስተርጓሚ ቤት ለቤት እየዞረ ደንቡ ተሻሽሏል አለን። ለማን እንደተሻሻለ እንግዲህ አይነገርም። ከተማው እንዲያምር ከማቆሚያው ጎን በየደጁ ዛፍ ይተከላል፤ ባለቤቱም ጠዋትና ማታ ያጠጣል። ያላጠጣ ይገረፋል።

የሚተክሉት ጣልያኖቹ ራሳቸው ናቸው፤ ገመድ ወጥረው፣ ኖራ ረጭተው፣ በመስመር። መስመሩ በደጃችን ሲያልፍ ችግኙ ያረፈው የማሽላ ጉድጓዳችን አፍ ላይ ሆነ።

በእኛ በይፋት ቆላ ማሽላ የሚቀመጠው መሬት ውስጥ ነው። ጉድጓዱ ተቆፍሮ በእሳት ይደርቃል፣ ገለባ ይነጠፍበታል፤ ማሽላው ከገባ በኋላ አፉ ተዘግቶ አፈር ይመለስበታል። ዓመት ቢቆይ ምንም አይነካው፣ ውሃ ካልደረሰበት። የት እንዳለ ደግሞ ከቤተሰብ ውጭ ለማንም አይነገርም፤ ለጎረቤትም ለአማችም። የዚያን ዓመት እህላችን በሙሉ እዚያ ነበር። እናቴ የሚጠባ ልጅ ታቅፋለች፤ ትልቋ ልጅ እኔ ነኝ።

አባቴ ችግኙን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ። አስተርጓሚውን “ጌታዬ፣ ትንሽ ወደዚያ ፈቀቅ ቢልልኝ” አለው። “ለምን?” ሲለው ምን ይበል? እህል አለኝ ካለ ለወታደር ቀለብ ተጭኖ ይሄዳል፤ ቅርባችን ያሉትን የጀውሃን ሰዎች እንዴት እንዳራቆቷቸው ሰምተናል። “ጥላው ለከብቶቹ እንዲደርስ ብዬ ነው” አለ።

“በገመድ የተለካውን አንተ በዓይንህ ልታርም ነው?” ብሎት ሄደ።

እናቴ ከሮቢ ወንዝ እየቀዳች ማጠጣት ያዘች። መጀመሪያ ባዶ እንስራ እያጋደለች ልታታልል ሞከረች። ካሚዮኖቹን የሚጠብቀው ዘበኛ ጣቱን አፈሩ ውስጥ ከቶ ደረቅ ሆኖ ሲያገኘው አባቴን ሰው ፊት ገረፈው። ከዚያ በኋላ አልሞከረችም። ዓይኗን ጨፍና “ያ አላህ” እያለች ታፈስሰዋለች፤ እኔ አጠገቧ ቆሜ ውሃው ሲሰርግ አያለሁ። ዛፍ ይጠላል ወይ ትሉኝ ይሆናል። እኔ ያን ችግኝ ከዘበኛው አብልጬ ጠላሁት።

ከፍተን እናውጣው እንዳንል ቀን ሙሉ ካሚዮን አጠገቡ ይቆማል፤ ማታ ዘበኛው እዚያው ያድራል።

“እንንገራቸው” አለች እናቴ አንድ ቀን። “ይውሰዱት። ጥቂት እንኳ ቢተዉልን ለልጆቹ ይሆናል። አንቱ ዝም ባሉ ቁጥር እኔ በገዛ እጄ እያበሰበስኩት ነው።”

“ከነገርናቸው ፍሬ አይተዉልንም” አላት።

“ካልነገርናቸውስ?”

ካለፈው ዓመት በቤት የተረፈው አልቆ የሚላስ የሚቀመስ ሲጠፋ አባቴ ራሱ ሄዶ ነገራቸው። እህል አለኝ፣ ውሰዱ፣ ለልጆቼ ጥቂት ተዉልኝ አላቸው።

ካሚዮኑን ፈቀቅ አድርገው፣ ችግኙን ከነአፈሩ አስነስተው ጉድጓዱን አስከፈቱት። ገና አፈሩ ሳይነሳ ሽታው ወጣ። ማሽላው ጠቁሮ፣ ተጣብቆ፣ ትል ይርመሰመስበታል። አባቴ ተንበርክኮ፣ ከስር ደረቅ ይገኝ እንደሆነ ብሎ እጁን እስከ ክንዱ ከተተ። ከስርም ያው ነው። ሊያይ የመጣው ጣልያን አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ አንድ ነገር ተናገረ። አስተርጓሚው “ጉድጓዱን ዛሬውኑ ድፈኑ፤ መኪና ይገባበታል” አለን። ስለ እህሉ አንድ ቃል አልወጣቸውም። ደበቃችሁ ብለው እንኳ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ድንጋይና አፈር ተሸክመን ደፈንነው፤ አባቴ፣ እናቴና እኔ። ችግኙንም በመስመሩ ላይ መልሰው ተከሉት። ከዚያ ምን በላችሁ ለሚለኝ፣ ሰው ያገኘውን ይበላል። የእናቴ ጡት ግን ደረቀ፤ ትንሹ ወንድሜ ክረምት ሳይገባ ሞተ። በቀበርነው ማግስት ጠዋት እናቴ እንስራዋን አዝላ ወደ ሮቢ ወረደች። ችግኙን ማጠጣት ነበረባት።